የሚያወራ ቫልቭ፣ ዝም ያለ ቫልቭ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ እሁድ ጠዋት፣ በጋራዥ ግቢ፣ ለወጣት መካኒኮችና ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች የተናገርኩት ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ስጠን ስላላችሁኝ እነሆ።

እንደምን አደራችሁ። ከደሴ የወረዳችሁ፣ ከሐርቡ የመጣችሁ፣ እዚሁ ሰፈር ያደጋችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ቡናው እስኪፈላ ይህቺን ብረት ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉልኝ። ቫልቭ ናት፤ ሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር የሚገባበትን፣ ጭስ የሚወጣበትን በር የምትከፍትና የምትዘጋ። የጭስ ማስወጫ ቫልቭ። እግሯ እርሳስ ያክላል፤ ራሷ እንደ እንጉዳይ ሰፋ ይላል። የራሷን ጠርዝ በአውራ ጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ጣታችሁ ጎድጎድ ይልባችኋል። አይጥ የቀመሰው ዳቦ ነው የሚመስለው። እዚያ ጋ ብረቱ ተቃጥሎ ሄዷል። ጠርዙ ይቆርጣልና ተጠንቀቁ።

ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። የዛሬው ወሬዬ ሁሉ ከእሷ ይነሳል።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደሴ ላይ አንድ ጋራዥ እሠራለሁ። እጄ ፈጣን ነበር። ላዳ ታክሲ በቀን ሁለትም ሦስትም ይመጣልናል። የላዳን ቫልቭ ዓይኔን ጨፍኜ ሬጅስትሮ አደርግ ነበር፤ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት አስተካክል ነበር ማለት ነው። 0.15 ሚሊሜትር፤ አስገቢውም አስወጪውም ያው። ሌላ ቁጥር የማውቅ አይመስለኝም።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ፊያት 124 ስፖርት ይዘው መጡ። ባለ ሁለት በሩን፣ ኩፔውን። ከአባታቸው የወረሷት ናት። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ቁመናዋ ግን አሁንም ዓይን ይስባል። "ልጄ፣ ይቺ መኪና እንደ ልብስ ስፌት ትንጣጣብኛለች። እባክህ ዝም አሰኝልኝ" አሉኝ።

የቫልቭ ክዳኗን ከፈትኩ። ሁለት ካምሻፍት፣ በጉብታቸው ቫልቮቹን እየገፉ የሚከፍቱ ዘንጎች፣ ጎን ለጎን ተኝተዋል። እንደዚያ ዓይነት ሞተር ያኔ ከፍቼ አላውቅም። ግን ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች መሆኗን ሁሉም መካኒክ ያውቃል። አካላቸው አንድ ስለሆነ ቁጥራቸውም አንድ መሰለኝ። ክፍተቱን ስለካው አስገቢው 0.45፣ አስወጪው 0.50 ሆኖ አገኘሁት። "ወይ ጉድ፣ ይሄማ ሦስት እጥፍ ላልቷል" አልኩ። ከአሮጌ ሞተር የተፈታ ሺም፣ ክፍተቱን የሚሞላ ክብ ብረት፣ በጣሳ ሙሉ ነበረን። ወፈር ወፈር ያለውን እየመረጥኩ ስምንቱንም 0.15 ላይ አመጣኋቸው።

ሞተሯ ተነሳች። ጸጥ። ሰውየው ደስ አላቸው። "እጅህ ይባረክ" ብለውኝ ከሒሳቡ በላይ ጨምረው ሄዱ።

ሁለት ወር አልሞላም። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ መኪናዋ ጉልበት ከዳት። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች። በገመድ ተጎትታ መጣች። ቴስታታውን፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተር ራስ፣ አወረድን። የሁለተኛው ሲሊንደር አስወጪ ቫልቭ ነው፣ አሁን እጃችሁ ላይ ያለው።

ሥራ ያስተማረኝ ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልተቆጣም። ቫልቩን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "ስታወራህ ነበር፤ አፏን ያዝካት" አለኝ። ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዕቃውን ከራሴ ኪስ ገዛሁ፣ ሥራውንም በነፃ ሠራሁ። ለምን እንደተቃጠለች ግን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ዛሬ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ብረት ሲግል ይረዝማል። አስወጪ ቫልቭ ደግሞ ሞተር ውስጥ ከሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ አብልጦ የሚግል ነው። ራሱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በጨለማ ብታዩት ፍም መስሎ ይታያችኋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፍተት ካልተዋችሁለት፣ ግሎ ሲረዝም ጭራው ካሙን ይገፋል። ካም ደግሞ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። የፀጉር ያህል ክፍት ሆኖ ይቀራል።

በዚያች ቀዳዳ እሳት ይሾልካል። እንደ ብየዳ ነበልባል አንድ ቦታ ላይ እየተነፋ ብረቱን ይበላዋል። ጣታችሁ የወደቀበት ጎድጓዳ የሱ ሥራ ነው። ሌላው ነገር ይብሳል። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በአብዛኛው መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። የጋለ ድስት እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ እንደሚበርደው ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር አንድ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ 25 ጊዜ ይዘጋል። በሰከንድ 25 ጊዜ የማረፍ ዕድል አለው። እኔ ያን ዕረፍት ነበር የነሳሁት።

ልቅ ቫልቭስ? ይንጣጣል። ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ትንሽ ቀድሞ ይዘጋል። ጉልበት ይቀንሳል። በጣም ከላላ ካሙንና ሮከሩን (ቫልቩን የሚገፋውን ክንድ) እየቀጠቀጠ ይጎዳቸዋል። ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ልቅ ቫልቭ ይናገራል። ጊዜ ይሰጣችኋል። የጠበቀው አንዲት ቃል አይተነፍስም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሞተር ሲያረጅ ክፍተቱ ሁልጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ይመስለናል። የሮከር ጫፍ፣ ሮከሩን የሚገፋው ፑሽሮድና ካም ሲበሉ እውነት ነው፣ ይሰፋል። የቫልቭ መቀመጫ ሲበላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቫልቩ ቴስታታው ውስጥ ይሰምጣል፣ ጭራው ወደ ካሙ ከፍ ይላል፣ ክፍተቱ ይጠባል። ስለዚህ ለዓመታት ጠቅ ጠቅ ስትል የኖረች መኪና ማንም ሳይነካት ድምፅ ካጠፋች፣ ደስ አይበላችሁ። ክዳኑን ክፈቱ።

መቀመጫ የሚበላበት አንዱ ምክንያት ቤንዚን ነው። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይጨመር ነበር። እርሳሱ የአስወጪ ቫልቭ መቀመጫ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ብረት ከብረት ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከል ነበር። ለሰው፣ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ስለሆነ ቀረ። የቀረው በደግ ነው። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመኪና መሸጥ አቆመች። ግን የእንግሊዟን መኪና ኤምጂ ቢን የመሰሉ ቴስታታቸው ብረት የሆነ፣ መቀመጫውም ከዚያው ብረት ላይ የተቀረጸ የድሮ ሞተሮች ያን ሽፋን አጥተዋል። ረጅም ዳገት በሙሉ ጉልበት ሲወጡ መቀመጫቸው ይበላል። መፍትሔው ቴስታታ ሲወርድ ጠንካራ የመቀመጫ ቀለበት ማስገባት ነው። አሉሚኒየም ቴስታታ ያላቸው እንደ ፊያትና አልፋ ሮሜዮ ያሉት ከመጀመሪያውም ቀለበት ስላላቸው ይሄ ችግር ብዙ አይነካቸውም።

አሁን ስለ ድምፅ።

ጠቅ ያለ ሁሉ ቫልቭ አይደለም። ካምሻፍት በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ነው የሚዞረው። ስለዚህ የቫልቭ ድምፅ ከሌላው የሞተር ምት ዘገም ይላል። ቀላል ነው፣ ከላይ ነው፣ ጣት በጠረጴዛ ላይ እንደመምታት ነው። ፒስቶንን ከሞተሩ ዋና ዘንግ (ከክራንክ ሻፍት) ጋር የሚያገናኘው የቢየላ ድምፅ ግን ከታች፣ ከሆድ ነው የሚመጣው። ዶክ ዶክ ይላል። ነዳጅ ስትሰጡት ይከብዳል። ለመለየት የየሲሊንደሩን የካንዴላ (የማቀጣጠያው) ሽቦ ተራ በተራ ንቀሉ፤ በተሸፈነ ፒንሳ ይሁን፣ ሽቦውንም አካል ላይ አስነኩት። አንዱን ስትነቅሉ ድምፁ ከቀነሰ ቢየላ ነው፣ ወይም ፒስቶን። የቫልቭ ድምፅ ለዚህ ግድ የለውም፤ እንዳለ ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚያታልለው የማርሚታ (የጭስ ማውጫ ቱቦ) ራስ ላይ ያለ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ሲተነፍስ ልክ እንደ ቫልቭ ጠቅ ጠቅ ይላል። ጠዋት ይሰማል፣ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ይጠፋል። አንድ ወንድማችን ሦስት ጊዜ ቫልቭ ሬጅስትሮ አስደርጎ ድምፁ አልለቅ ብሎት ወደ እኔ መጣ። የማርሚታው አንድ የላላ ዳዶ ነበር።

ማዳመጫ ለሌላችሁ ረጅም ካቻቢቴ በቂ ነው። ጫፉን የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ አጠገብ ያለው አጥንት ላይ አድርጉ። ከፊት ወደ ኋላ ሂዱበት። ከቬንትላተሩና ከቺንጋው ግን ራቁ። ሻሽና ነጠላ የለበሰ ሰው አያጎንብስ። ይህን ስል ያየሁትን አይቼ ነው።

የኛ መንገድ ደግሞ የራሱ መመርመሪያ አለው። ከደሴ ሐረጎን ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ ማርሽ ላይ ይዛችሁ ነው የምትወርዱት፣ አይደል? ያን ጊዜ ሞተሩ በአስገቢው በኩል በኃይል ይስባል። የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ እግር የሚንሸራተትበት ቱቦ) ከተበላ ወይም ማኅተሙ ከደረቀ ዘይት ይስባል። ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ በመስታወት ወደ ኋላ እዩ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ወጥቶ ከጠፋ፣ ጋይድ ነው። ሬጅስትሮ አይፈውሰውም። ዳገት ሲወጡ ጭሱ የማይለቅ ከሆነ ግን የፒስቶኑን ፋሻ (ቀለበት) ጠርጥሩ።

ከመለካታችን በፊት ስለ ቁጥር ትንሽ። ቁጥር ከዘመድ አይቀዳም። እኔ የከፈልኩበት ትምህርት ይሄ ነው። ላዳ 0.15 ናት። የፊያት 124 ስፖርት የመጀመሪያው 1,438 ሲሲ ሞተር አስገቢ 0.45፣ አስወጪ 0.50 ነው። ያን ሞተር የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ከፌራሪ ወደ ፊያት የመጣው መሐንዲስ። በኋላ በወጡት ትልልቆቹ ላይ አስወጪው 0.60 ይደርሳል። ስለዚህ የሞተሩን ቁጥር ሳታዩ አትጀምሩ። የድሮዎቹ አልፋ ጁሊያ አስገቢያቸው 0.475 እስከ 0.50፣ አስወጪያቸው 0.525 እስከ 0.55 ነው። ኤምጂ ቢ 0.38። የድሮው ፖርሽ 911 ሁለቱም 0.10። ዳትሰን 240ዜድ ሲቀዘቅዝ 0.20 እና 0.25። ቢኤምደብሊው 2002 ከ0.15 እስከ 0.20።

ልዩነቱን አያችሁ? የአንዱ ከሌላው አምስት እጥፍ ነው። ሁሉም ልክ ናቸው። የካሙ ቅርጽ፣ የቴስታታው ብረት፣ ቫልቩ የሚገፋበት መንገድ ይለያያል። በ0.50 የተሠራ ካም ጉብታው ላይ ከመድረሱ በፊት ለስለስ ያለ መወጣጫ አለው። ያን ክፍተት ቀስ ብሎ የሚበላው በሱ ነው። ክፍተቱን ስታሳንሱ ወይም ስታሰፉ ቫልቩ ከመወጣጫው ውጪ ነው የሚመታው ወይም የሚያርፈው። ስለዚህ ባለ ሁለት ካም የስፖርት ሞተር ላይ ትንሽ መንጣጣት ጤና ነው። ለባለቤቱ ይህን በትዕግሥት ንገሩት። "አብሽር፣ ድምፁ የራሷ ነው" በሉት። እኔ ያኔ ለእኒያ ሰውዬ ይህን የምልበት እውቀት አልነበረኝም።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የቀዘቀዘ ማለት አዳር የቆመ ነው። ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ አልቀዘቀዘም። ከደሴ የመጣችሁ ልጆች "ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ክፍተቱ አይለያይም ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንተምነው። የ10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ 100 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ከዚያው ርዝመት ብረት ይልቅ የሚሰፋው በ0.01 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፊለር ጌጃችሁ (ክፍተት የምትለኩበት ስስ ብረት) አያውቀውም። ስለዚህ እሱ አያስጨንቃችሁ።

ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ሞተሩ በእጅ ቀለል ብሎ እንዲዞር። ማርሽ ዜሮ ላይ። የክራንክ ሻፍቱን ዳዶ ይዛችሁ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩ። በካምሻፍቱ ይዛችሁ አታዙሩ፤ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቺንጋ ሊዘል ይችላል። ቫልቭና ፒስቶን ከተገናኙ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው።

የትኛው ቫልቭ መቼ ይለካል? ሁለት ካም ያለው ላይ ቀላል ነው። የምትለኩት ቫልቭ ላይ ያለው የካም ጉብታ ወደ ላይ፣ ከቫልቩ ሸሽቶ ይቁም። ሮከር ላላቸው እንደ ኤምጂ ቢ ስምንት ቫልቭ በአንድ መስመር ለተደረደሩባቸው ሞተሮች ደግሞ የዘጠኝ ሒሳብ አለ። ስምንተኛው ሙሉ ሲከፈት አንደኛውን ለኩ። ስድስተኛው ሲከፈት ሦስተኛውን። አራተኛው ሲከፈት አምስተኛውን። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም ዘጠኝ ነው። አደራደራቸው ከፊትም ከኋላም ሲቆጠር አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው የሚሠራው። እንዲያ ካልሆነ ሞተር ላይ አትሞክሩት።

ፊለር ጌጅ ሲገባ መያዝ አለበት፣ መጨናነቅ ግን የለበትም። ከተከደነ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ወረቀት ስትስቡ እንደሚይዛችሁ ይሁን። ከተጠራጠራችሁ ቀጣዩን ወፍራም ሞክሩ። እሱ እምቢ ካለ ልክ ናችሁ።

ሮከር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እስቲ ይቺን ሮከር እዩዋት። ጫፏ ላይ ጥፍራችሁን አሂዱ። መሃሉ ጎድጉዷል፣ አይደል? የቫልቩ ጭራ ለዓመታት ሲቀጠቅጠው ነው። ፊለር ጌጁ ሰፊ ስለሆነ በጎድጓዳው ላይ እንደ ድልድይ ይዘረጋል። የሚለካው ከንፈሩን እንጂ ውስጡን አይደለም። እናንተ 0.38 ይላችኋል፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ይበልጣል። ሬጅስትሮ አድርጋችሁም ይንጣጣል። ከዚያ ትናደዱና ታጠብቁታላችሁ። እዚያ ላይ ነው ጥፋቱ። ሮከሩን አስለስሉ ወይም ቀይሩ።

ሮከር ያላቸው ላይ ማስተካከያው ብሎን ነው። ዳዶውን ታላላላችሁ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ታዞራላችሁ፣ ብሎኑን ይዛችሁ ዳዶውን ታጠብቃላችሁ። ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱን ስለሚያዛባው እንደገና ለኩ። ሁልጊዜ እንደገና ለኩ። ቢኤምደብሊው 2002 ላይ ብሎን የለም። ሮከሩ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ክብ ነገር አለ፤ በሽቦ ነው የሚዞረው። የብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፉን አጥፋችሁ ብትሠሩበት ግሩም መሣሪያ ይወጣዋል።

ፊያት ላይ ሺም ነው። ከብር ሳንቲም ሰፋ ያለች ክብ ብረት ቫልቩን ከላይ የሸፈነው ቆብ ላይ ተቀምጣለች። ቆቡን በመሣሪያ ወደ ታች ተጭናችሁ ሺሟን ታወጣላችሁ። ካምሻፍት አይፈታም። የላምፕሬዲ ብልሃት ይሄ ነው፤ እኔ እስካሁን አደንቀዋለሁ። አልፋ ላይ ሺሙ ከቆቡ ሥር ስለሆነ ካምሻፍቱ መውረድ አለበት። ሥራው ረጅም ነው፣ ዋጋውን ስትነግሩ እሱን አስቡ።

ሒሳቡ አንድ ነው። አሮጌው ሺም፣ ሲደመር የለካችሁት ክፍተት፣ ሲቀነስ የምትፈልጉት ክፍተት። አስገቢ ቫልቭ ላይ 0.30 አገኛችሁ እንበል። የምትፈልጉት 0.45 ነው። ያለው ሺም 4.00 ነው። 4.00 ሲደመር 0.30፣ 4.30። ሲቀነስ 0.45፣ 3.85። 3.85 ሺም ትፈልጋላችሁ። ሺሟ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ በማይክሮሜትር ለኩ። ስምንቱንም ለክታችሁ ደብተር ላይ ከጻፋችሁ በኋላ ብቻ ዕቃ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከራሷ ሞተር ሺም ከአንዱ ወደ ሌላው በማዘዋወር ግማሹ ሥራ ያልቃል። እዚህ አዲስ ሺም ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በድንጋይ አትሞርዱት። ላዩ የጠነከረው ስስ ሽፋን ነው። እሱን ካነሳችሁት ካሙ ይበላዋል፣ የተበላው ደግሞ ከዘይቱ ጋር ይዞራል።

ቮልስ ያላችሁ ቅር እንዳይላችሁ። ቮልስ የስፖርት መኪና አይደለችም፤ ግን የመጀመሪያው ፖርሽ 356 ከሷ ነው የተሠራው። አብዛኞቹ ቮልሶች ላይ 0.15 ነው። ሦስተኛውን ሲሊንደር በተለየ ዓይን እዩት። የዘይት ማቀዝቀዣው የንፋሱ መንገድ ላይ ስለቆመ ሦስተኛው የሚደርሰው አየር የሞቀ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለኩ፤ የሱ አስወጪ ቫልቭ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲጠብ ታገኙታላችሁ።

አሁን የምነግራችሁ በተለይ ለኛ አገር ነው። ቫልቭ መቃጠሉን ለማወቅ ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት፣ እንለካለን። መጽሐፉ 170 ፒ.ኤስ.አይ. ይላል እንበል። ደሴ ላይ ትለካላችሁ፣ 120 ብቻ ይመጣል። "ሞተሩ አልቋል" ብላችሁ ሰውየውን ታስደነግጡታላችሁ። አላለቀም! መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ያው 170 የተባለው ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ ከ120 እስከ 125፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከ130 ትንሽ በላይ ቢያሳይ ልክ ነው። ስንት ሞተር በዚህ ስህተት ያለ ጥፋቱ ተከፍቷል! የምታዩት የሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ልዩነት ነው። ሦስቱ 120፣ አንዱ 70 ከሆነ፣ ያ ነው በሽተኛው። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻ ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ነው።

በቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል በሚለካው) የምትሠሩም እንዲሁ ናችሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል። ደሴ ላይ ከዚያ 8 ያህል ቀንሱ። መርፌው ዝቅ ማለቱ ሳይሆን በየተራው ጠቅ እያለ መውደቁ ነው የተቃጠለ ቫልቭ ምልክት።

አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራቶርም ከቫልቭ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ደሴ ላይ አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ መኪናዋ ጥቁር ታጨሳለች። ጎበዝ መካኒክ ጂግለሩን፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ ያሳንሳል። ጥሩ። ከዚያ ባለቤቱ ወደ ባቲ፣ ወደ ሚሌ ቆላ ይወርዳል። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። የሚጎዳው ማን ነው? አስወጪ ቫልቭ። ስለዚህ ጂግለር ስትቀይሩ "መንገድህ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የድሮውን ጂግለር በወረቀት ጠቅልላችሁ ለባለቤቱ ስጡት።

አንዲት እህታችን እጇን አውጥታ የአሁኖቹ መኪናዎች ለምን ይህ ሁሉ እንደማያስፈልጋቸው ጠየቀችኝ። ብዙዎቹ በዘይት ግፊት ክፍተቱን ራሱ የሚሞላ ታፔት አላቸው። እነሱ ላይ ጠዋት ጥቂት ሰከንድ ጠቅ ጠቅ ካለ ዘይቱ እስኪወጣ ነው። ካልተወ ግን መጀመሪያ ዘይቱን እዩ፣ መጠኑንም ዕድሜውንም። ለአሮጌዎቹ ግን ታፔቱም እኛ፣ ዘይቱም እኛ ነን።

ቫልቧ ዞራ ተመለሰች መሰለኝ። አመሰግናለሁ።

ከዋንዛው ሥር በሸራ የተሸፈነችውን መኪና ስትገቡ አይታችኋል። እሷው ናት፣ ያቺው ፊያት። ሰውየው አሁን አርጅተዋል፤ የምትነዳት ልጃቸው ናት። ትናንት ከሰዓት ነው ያመጣችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አልዞረባትም። ካንዴላዎቹን አውጥቻለሁ፣ ክዳኑም ተከፍቷል። ደብተሩ የፊት ወንበሩ ላይ ነው። ባለፈው ጊዜ የለካኋቸው ስምንት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ አጠገባቸው ባዶ መስመር አለ። ዓይናችሁ ንጹሕ የሆነ አንድ ሰው ፊለር ጌጁን ይያዝ። ሌላው ክራንኩን ያዙርለት። ከአንደኛው ሲሊንደር አስወጪ እንጀምራለን።